አናሎግ ድምፅ አይመርጥም

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤሩት፣ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ማዳም ቤት እሠራ ነበር። እናቴ ወሎ ገጠር ናት፤ ስልክ የላትም፤ የምንገናኘው በካሴት ነው። ታናሽ እህቴ ቴፑን ፊቷ ታስቀምጥና «በይ ተናገሪ» ትላታለች። ወደ ቤሩት የሚመጣ ሰው ሲገኝ ካሴቱ ይላክልኛል። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ።

ያን ጊዜ ጭንቀቴ አንድ ነበር። ኮንትራቴ አልቋል። ሁለት ዓመት ልጨምር ወይስ እናቴን ልያት? ማዳሜ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ካሴት እስኪመጣ ጠብቂኝ እላታለሁ። በመጨረሻ መጣ። ያመጣችልኝ እዚያው ቤሩት፣ ዳሒዬ ሰፈር የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። «ባለፈው ወር የተቀዳ ነው» አለችኝ። ወጥ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው እየጮኸ፣ በትንሿ ቴፕ ሰማሁት። «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ለኔ ብለሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ» ትላለች እናቴ። በማግስቱ ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት፤ ይኼን አልደብቅም።

ሁለት ወር ሙሉ ስደጋግመው ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን በእርሳስ እጠቀልላለሁ ብል ባሰበት። ከሕንጻችን ሥር ሬዲዮ የሚጠግን ሽማግሌ ነበርና ወሰድኩለት።

«የምን ዘፈን ነው?» አለኝ።

«ዘፈን አይደለም፣ እናቴ ናት።»

«እንግዲያማ ቀስ ልበል፣ እናት ትቆጣለች።»

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ ነው። ክሩን በጣቱ ጫፍ እየፈታ «ይሄ አናሎግ ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አለኝ። «ዲጂታሉ ድምፁን ቁጥር ያደርገዋል። ይሄ ግን፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ድምፁ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለ እንዳለ ይከተለዋል። አይመርጥም። እናትሽ ስትናገር ክፍሉም አብሯት ተናግሯል።»

«ክፍሉ ምን ይላል?»

«የሐበሻ ቋንቋ ከየት አውቄ? ስሚውና ንገሪኝ።»

ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ጭንቅላቴ ላይ ደፋልኝ። እውነትም ክፍሉ አለ። ዶሮ ይጭራል፣ በር ሲጢጥ ይላል፣ እናቴ ቃል ሳትጨርስ ምራቋን ስትውጥ ይሰማል። ከዚያ ከደጅ አንድ ሰው ሳለ። «ዝናብ መጣ፣ በርበሬውን አስገቡ» አለ። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ነው። እሱ ደግሞ ከሞተ ከዓመት በላይ ሆኖታል። የሥጋ ዘመድ ስላልሆነ ሞቱን አልደበቁኝም ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ነግራኝ ዳሒዬ ተቀምጠን አልቅሰንለታል።

«እሺ፣ ክፍሉ ምን አለ?»

«ዝናብ መጣ ይላል» አልኩት።

ከሱቁ ስልክ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ።

«ያ ካሴት መቼ ነው የተቀዳው?»

«ነግሬሽ የለ? አንቺ ደግሞ ስትነዘንዢ ቁርጥ ማዳምሽን ሆንሽ።»

«የጎረቤታችን ድምፅ አለበት።»

የምታጥበው ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር፤ ቆመ። «እሁድ ጠዋት እመጣለሁ» አለች። «ኸላስ፣ በቃ፣ በስልክ አይሆንም።»

የኛን አገር ሰው ለሚያውቅ መርዶው ይኸው ነው። ሰው አገር ላለች ሴት የእናት ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። እስከዚያ ይደበቃል። እኔ ራሴ የሌሎችን መርዶ በሆዴ ይዤ አብሬያቸው ስቄ አውቃለሁ።

እሁድ ሦስት ሴቶች አስከትላ መጣች፤ ሁሉም ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ማዳሜ በሩን ከፍታ «ሹ ፊ?» ብላ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ እኔ እያወቅሁ እንደማያውቅ ሰው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ከተቀበረች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ሕመሙ ሲጀምራት በአንድ ቀን ሁለት ካሴት አስቀድታ፣ አንዱን ያኔውኑ አስልካ፣ ሁለተኛውን «እኔ ሳልፍ ስጧት፣ ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ» ብላ ለእህቴ አስቀምጣለች።

«እኔን አትይኝ» አለች የአክስቴ ልጅ። «የራሷ ቃል ነው።»

«ባላገኛትም መቃብሯን አይ ነበር» አልኳት። ፊርማዬ ማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ፓስፖርቴም እዚያው። ሁለቱን ዓመት ወለል እየወለወልኩ ጨረስኳቸው። ሌላ የምለው የለኝም።

ዛሬ ሴቶቹ ድምፅ የሚልኩት በስልክ ነው፤ ጊዜ ያለፈበትን ሰው «አንቺ አናሎግ» ብለው ይስቁበታል። እኔንም ብለውኛል። ለኔ ግን ቃሉ የዚያ ጎረቤታችን ሳል ነው። ካሴቱ አሁንም አለ። በሰማሁት ቁጥር ይፋቃል፤ የእናቴ ድምፅ ከሹክሹክታ በላይ አይሰማም። ባልሰማውም ይደርቃል አሉኝ።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ እሁድ በኋላ ለማዳሟ ኮንትራት አላድስም አለቻት። በሦስተኛው ወር አገር ቤት ገባች። አሁን ከእናቷ ጋር ትኖራለች።