አልትራሳውንዱን መንገድ ያሳየችው አክስቴ

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ያን ቀን እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም። እንደዚያ የጠቀመ ስህተትም ሠርቼ አላውቅም።

አክስቴ አማረች ተራራ ላይ ያለው የኦቾሎ መንደር ሰው ናት። የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ ታክማ ተሽሏት ነበር፤ በዓመት ከመንፈቁ ተመለሰባት። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም ብለውናል። እሷ ግን "ያምሻል ወይ?" ስትባል መልሷ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" ነው። ዕድሜዋን ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት መቀመጥ አቅቷት ቆማ መዋል ጀምራ፣ አሁንም "ደህና ነኝ"።

የእኔ ትምህርት ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቀሪውን ያስተማረኝ ሬዲዮ ነው። ታች ከተማ፣ ሲቀላ፣ ሙዝ እየሸጥኩ ሳዳምጥ፣ ውጭ አገር ሐኪሞች ያገረሸ የማኅፀን በር ካንሰር ሕመምን ያለ ቢላ በአልትራሳውንድ እንደሚያስታግሱ ሰማሁ። መሣሪያው የሚያወጣውን ድምፅ ሰብስበው የታመመው ቦታ ላይ ያሳርፉታል አሉ። አልትራሳውንድማ እኛም ጋ አለ፤ ነፍሰ ጡሮች ሲሰለፉለት አይቻለሁ። በማግስቱ አክስቴን ይዤ፣ የሰማሁትን በመንገድ እያስረዳኋት፣ አንድ የግል ክሊኒክ ገባን።

"ውሃ በደንብ ይጠጡና ሽንትዎን ይዘው ይጠብቁ" አሏት። ሆዳቸው ከገፋ ወጣት ሴቶች መሃል ቆማ ስትጠብቅ አንዷ፣ "እማማ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?" አለቻት።

"አስራ አራተኛዬ ነው። ዝሆን ነው መሰለኝ።"

የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ሞተ።

ተራዋ ደርሶ አልጋው ላይ ስትተኛ ባለሙያው መሣሪያውን ሆዷ ላይ ማንሸራተት ጀመረ። አክስቴ እጁን ያዘችው።

"እዚያ አይደለም ልጄ፣ ወደ ታች ና። የሚያቃጥለኝ እዚህ ጋ ነው። ስቀመጥ ወገቤን ይይዝና በዚህ በኩል ወደ እግሬ ይወርዳል። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው የሚነጋው። ድምፁን እዚህ ሰብስበህ አሳርፍልኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ።"

መሣሪያው ቦታውን እንዳይስት ብላ የተናገረችውን ለማናችንም ነግራን አታውቅም።

ባለሙያው ነገሩ ገባው። ሳይስቅብን፣ "እናቴ፣ ይሄ የሚያየው ብቻ ነው። የሚያክመው ሌላ ነው፤ እኛ ጋ የለም" አላት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እሱ ግን ያለችውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ፣ "ዛሬውኑ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ለሚከታተላት ሐኪም አሳዩ" አለኝ።

ሐኪሟ አንብቦ ሞርፊን የሚባል የሚጠጣ የሕመም ማስታገሻ አዘዘላት። በሳምንቱ ኦቾሎ ስወጣ አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። "ማሽንሽ ሰነፍ ነው፣ ልጁ ግን ጎበዝ ነው" አለችኝ።

ዓመት ያህል ኖራ አረፈች። ስህተቴ አሁን አያሳፍረኝም፤ ለሰው ሁሉ እያወራሁ እስቅበታለሁ። የሚቆጨኝ ከፋሲካ እስከ መስቀል ያሉት ወራት ናቸው። እሷ ቆማ ስታስተናግደኝ፣ እኔ ተቀምጬ በልቼ ጠጥቼ፣ ደህና ናት ብዬ ወደ ሲቀላ የወረድኩባቸው።