በሦስት ጎማ የምትቆመው መኪና

ከቀራንዮ የወጣሁ ቀን ጎህ ሳይቀድ ወደ አውቶቡስ ተራ ያደረሰችኝ መኪና ከሁለት ቀን በፊት የራሴ ነበረች። የገዟት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የሳንሱሲ ሰው። "የሸጠልኝን ልጅ በታክሲ ልሰደው እንዴ?" ብለው በራችን ላይ መጥተው ክላክስ አደረጉ። እህቴ ዘነበች በሶና ዳቦ ቆሎ አስታቀፈችኝና እንዳላያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

እኔ በገዛ መኪናዬ የተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ወልዴ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አስግገው በዝግታ ይነዳሉ። አንድ ማቋረጫ ላይ ቆሙና፣ "ፍሬን ስይዝ ትንሽ ወደ ቀኝ ትስበኛለች ልበል?" አሉኝ።

"የጎማ ሚዛን ነው ጋሼ። ሲያሠሩት ይስተካከላል።"

"እሱማ ይሆናል" አሉ፣ አመኑኝም። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ሻንጣዬን ራሳቸው አወረዱ፣ ጉንጬን ስመው መረቁኝ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ረዳቱ "ሞያሌ! ሞያሌ!" እያለ ሲጮህ አፌን ዘጋሁና ተሳፈርኩ።

ያልነገርኳቸው ይህን ነው። ከሦስት ወር በፊት ከኋላ ግራ ጎማ የፍሬን ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። በዚያች መኪና ሰው እያመላለስኩ ነበር የምኖረው፤ አንድ ቀን ከቆመች አንድ ቀን አልበላም። ኮልፌ ወዳለው መካኒኬ ወደ ጌቱ ወሰድኳት። ከሥሯ ተንፏቆ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ዕቃው ገበያ ላይ የለም። ያለውም አስመስሎ የተሠራ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ወደዚህ ጎማ የምትሄደውን ቱቦ ልድፈናት። ዘይቱም አይፈስም፣ አንተም አትቆምም። በሦስቱ ትይዛለች።"

"በሦስት ጎማ?"

"ድስት በስንት ጉልቻ ነው የሚቆመው?"

ሳቅን። ቱቦዋን በፒንሳ ቆልምሞ፣ በመዶሻ ጠፍጥፎ ደፈናት። ዕቃው ሲገኝ ትቀየራለች ተባብለን ተለያየን። እንዲህ ያለች መኪና በከተማው ውስጥ የኔዋ ብቻ እንዳልሆነች የምታነቡኝ ሾፌሮች ታውቃላችሁ።

ስሸጣት ሁሉም የሚለውን አልኩ። ሞተሯ አልተከፈተም፣ ሴት ናት ስትነዳት የነበረችው፣ ሁለተኛ እጅ ናት። እውነቱ ግን፣ ሞተሯ ሁለቴ ተከፍቷል፣ ከኔ በፊት አንድ የጤፍ ነጋዴ በጆንያ ሲያጎብጣት ኖሯል፣ እኔ ራሴ አራተኛ እጅ ነበርኩ። ጋሽ ወልዴ ኮፈኗን አስከፍተው ውስጧን በአክብሮት አዩ። መካኒክ ይዘው ቢመጡ ኖሮ እላለሁ ዛሬ። ግን አብረን መድኃኔ ዓለም የምንሳለም ሰዎች ነን፤ መካኒክ ይዞ መምጣት እኔን መጠርጠር መስሏቸው ይሉኝታ ያዛቸው።

ስም እናዛውር ብንል መኪናዋ ልትመረመር ነው፣ ከተመረመረች ደግሞ ቱቦዋ ትታያለች። ስለዚህ "ጋሼ፣ በውክልና እንጨርስ፣ ግብሩም ይቀርልዎታል፣ እኔም ቸኩያለሁ" አልኳቸው። ለርሳቸው ያሰብኩ መሰልኩ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሰው መኪናውን ይሸጣል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አልሸጠም፣ ወከለ። ሊብሬው በኔ ስም ቀረ፣ ቁልፉ በርሳቸው ኪስ ገባ። የመኪናዋን ጤና የጻፈ አንድም መስመር የትም የለም።

የመንገዱን ነገር ከኔ የባሰ ያዩ ሰዎች ተርከውታልና አላንዛዛው። ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ወዲያ በጭነት መኪና፣ በጫካ፣ በሸራ ሥር ተደራርበን። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን ሲያፏጭ ሁሉም የየራሱን ጸሎት ጀመረ። እኔ የጸለይኩት ስለ ጋሽ ወልዴ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ስለ ራሴ ነው የጸለይኩት።

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ደረስኩ። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ሎኬሽን የሚሉት ሰፈር ውስጥ የአገር ልጅ ሱቅ ተቀጠርኩ። በፍርግርግ ብረት ውስጥ ሆኜ ዳቦና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ፤ ገዢው ውጭ፣ እኔ ውስጥ፣ ማን እንደታሰረ ለመለየት ያስቸግራል። ምግባቸው ፓፕ ነው፤ ገንፎ ነው በሉት፣ ግን መሐሉ ያልተጎደጎደ፣ ቅቤና በርበሬ ያላየ ገንፎ። ሐምሌ ሲመጣ ሰውነቴ ዝናብ ይጠብቃል፣ እዚህ ግን ሐምሌ ደረቅ ብርድ ነው። ጭቃ ይናፍቃል ብትሉኝ ኖሮ እስቅባችሁ ነበር፤ የቀራንዮ ጭቃ ናፈቀኝ።

የጥገኝነት ወረቀት ልጠይቅ ስሄድ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሹም ቅጼን አገላብጦ፣ "አገርህ ንብረት አለህ?" አለኝ።

"መኪና ነበረኝ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "እኔ መኪና የለኝም። መኪና ያለው ሰው ለምን ይሰደዳል?"

"መኪናዋን ስላላዩአት ነው ጌታዬ።"

አልሳቀም። ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ አለኝ። በስድስተኛው ወር ስመለስም መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ መኪናዋ ነው፤ "ተሸጠች ወይስ አሁንም ያንተ ናት?" አለኝ። "ተሸጣለች" አልኩት።

አከራዬ ማማ ሊንዲዌ የምትባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ግቢዋ ውስጥ የቆመች አሮጌ ፒካፕ ልትሸጥልኝ አንድ እሑድ ጠራችኝ። "አክስቴ ነበረች የምትነዳት። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ።"

"ሞተሯ ተከፍቶ ያውቃል?"

"አንድ ቀን እንኳ።"

ሥሯ ተንበርክኬ ቱቦዎቿን አንድ በአንድ ስዳብስ ማማ ሊንዲዌ ተቆጣች። "ቤቷን የምታከራይህን ሴት አታምናትም?" አለችኝ። "አምንሻለሁ፣ መኪናሽን ነው የማላምነው" አልኳትና አልገዛሁም። ጋሽ ወልዴ ይህን ያህል ቢጨክኑብኝ ኖሮ ብዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ዘነበች የደወለችው በነሐሴ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። ጋሽ ወልዴ አስኮ ቁልቁለቱ ላይ፣ በዝናብ፣ ድንገት የገባባቸውን ባጃጅ ሊያድኑ ፍሬን ረግጠዋል። መኪናዋ ወደ ቀኝ ነጠቀቻቸው፣ ከመንገድ ወጣች፣ ዳር ላይ በጃንጥላ ሥር በቆሎ የምትጠብስ አንዲት ሴትን ገጨች። አለሚቱ ትባላለች። ሁለት ልጆች ነበሯት። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች።

"እሳቸውስ?" አልኳት።

"ታስረዋል። መኪናዋ ስትመረመር የተደፈነ ቱቦ ተገኝቷል። አውቀው ነው የነዱት እየተባለ ነው። እሳቸው አላውቅም ብለው ይምላሉ፣ የሚሰማ ግን የለም። ያንተንም ስም ሊብሬው ላይ አይተው ቤት መጥተው ጠየቁኝ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"ጌቱ ነው የደፈናት።"

"ጌቱ የለም። ጋራዡ ለመንገድ ፈርሶ የት እንደገባ አይታወቅም። ስማኝ፣ ማንም ቢደውልልህ አላውቅም በል። በስምህ ያለች መኪና ናት፣ ሰው ሞቷል። አውቄ ሸጥኩ ያልክ ቀን አገርህ መግባት የለም። እኔም ብቻዬን መቅረቴ ነው።"

ያን ጊዜ የሆነውን ዛሬ ላይ ሆኜ ላሳምረው አልችልም። ልናገር ብዬ ስልኩን ስንት ጊዜ አነሳሁ፣ ስንት ጊዜ አስቀመጥኩ። ጋሽ ወልዴን ከዚያ ክስ የሚያወጣቸው የኔ ቃል ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሌላ ምስክር የለም። አገሬ መግባት ደግሞ እፈልጋለሁ። በፍርግርግ ውስጥ አርጅቼ መሞት አልፈልግም። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ለመጻፍ ስሜን መደበቄ ራሱ ያስታውቅብኛል።

መስከረም ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የማላውቀው ቁጥር ጠራ። የጋሽ ወልዴ ባለቤት እትዬ ብርቄ ናቸው።

"ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? ብርዱ እንዴት ነው? ትበላለህ?"

"ደህና ነኝ እትዬ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ጋሼስ?"

"ወልዴማ ስኳሩ ተነስቶበታል፣ ምግብ እየወሰድኩለት ነው። አላስቸግርህም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው። ያቺን ቱቦ እኔ አላስደፈንኩም፣ እንዳለችም አላውቅም ይለኛል። ጠበቃው ደግሞ፣ ከሸጠላችሁ ሰው ቃል ካልመጣ ዋጋ የለውም አለኝ። አንተ ስትሸጥልን ፍሬኗ ደህና ነበር? ደህና ካልነበረም ንገረኝ፣ እኔ አልቀየምህም። እውነቱን ይዤ መሄድ ነው የምፈልገው።"

አንድ ልጅ ፍርግርጉን በሳንቲም እያንኳኳ ዳቦ ይለኛል። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ደህና ነበር እትዬ" አልኩ።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "እንግዲህ የዋሸኝ ወልዴ ነዋ። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ዛሬ ገና አወቅኩት።"

"እትዬ..."

"ተወው ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ። በል በርታ፣ ያገርህን አፈር ለመርገጥ ያብቃህ" አሉኝና ዘጉት።