እትዬ ጠጅቱ የምትወድቅበት ቦታ

«አንድ ሴት ሁለት ጉሮሮ የላትም። ድራማውን የሚሠሩት ረስተውት ነው» አለ አባዬ፣ የዘገነውን ቆሎ ወደ ሳህኑ መልሶ።

«ምኑን ነው የሚረሱት?» አለች እህቴ ትርንጎ። «በየሳምንቱ የሚሠሩትን ሥራ?»

«ባለፈው እሁድ በእህቷ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ እስኪያለቅስ ዘፈነች። ዛሬ ደግሞ ልብስ እያጠበች እንደ አህያ ጮኸች። የዛሬዋ እውነት ከሆነች ያችኛዋ ውሸት ናት። ያችኛዋ እውነት ከሆነች ይቺኛዋ።»

«ሁለቱም እውነት ናቸው።»

«ልቤን አታድርቂው።»

እኔ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ ቀርቤ የማየው እኔ ስለሆንኩ ዳኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። «ሠርጉ ላይ የዘፈነችው እሷ አይደለችም» አልኩ። «አፏን ከዘጋች በኋላ ድምፁ ትንሽ ቀጥሏል። አይቻለሁ።»

«ይኸውልሽ!» አለ አባዬ።

ትርንጎ ዞር ብላ አየችኝ። ለጠላት የሸጥኳት ያህል ነበር አስተያየቷ።

ልጅ እያለሁ፣ በደብረ ብርሃኑ ሰፈራችን፣ እሁድ ከምሳ በኋላ መንገዱ ጭር ይል ነበር። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ተጠጋግቶ ያንን ተከታታይ ኮሜዲ ያያል። ታሪኩ በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ ሦስት ተከራይ ቤተሰቦች ነው። የሁላችን ተወዳጅ እትዬ ጠጅቱ የምትባለዋ ነበረች። ሳፋዋን ግቢው መሃል ታስቀምጥና ልብስ እያሸች ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ዘፈን ትጀምራለች። ዜማው ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ገደል ይገባል። ያኔ ጎረቤቷ መስኮቱን ይዘጋል፤ እኛ ግን መስኮቱ ሳይዘጋ ነበር የምንስቀው። ታዲያ ይህቺው ሴት የእህቷ ሠርግ ዕለት ተነሥታ፣ ማንም ሳይጠብቃት፣ አንጀት የሚበላ ዘፈን ዘፈነች። በቀጣዩ እሁድ ደግሞ ወደ ሳፋዋና ወደ ገደሏ ተመለሰች። የሰፈራችን ሰው በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ።

የእኛ ቴሌቪዥን ትንሽ ነበረች፤ አባዬ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ መምህር ላይ የገዛት። አንቴናዋ ግቢ ውስጥ በተተከለ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ታስሮ ቆሟል። ነፋስ ሲነሣ እትዬ ጠጅቱ ሁለት ትሆናለች፣ ከዚያ በረዶ ይወርድባታል፤ አንዳችን ብርዱ ውስጥ ወጥተን አጣናውን እናዞራለን። «እሺ? አሁንስ?» እያልን ከውጭ እንጮሃለን። መጮህ የሚፈቀደው እሁድ ብቻ ነበር።

ምክንያቱም አባዬ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ክር የሚፈትሉትን ማሽኖች ይቆጣጠር ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰውም የሌሊት ፈረቃ ነው። ጠዋት ውርጩ ሳይቀልጥ ይገባል። ካፖርቱን ሲያወልቅ የእርጥብ ሱፍና የማሽን ዘይት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ዛሬም ዝናብ የመታው በግ በአጠገቤ ሲያልፍ አባዬ የገባ ይመስለኛል። ቁርሱን በልቶ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ድምፅ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ድስት ስትከድን ከመክደኛው ሥር ጨርቅ ታደርጋለች። ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ረገጥሽ አልረገጥኩም የምንባባለው በእጃችን ነበር። ሰፈሩን ገና ያለመደ አንድ ልጅ ዲዳዎች መስለነው ለእናቱ አዝኖ ነግሯታል። ድምፃችን ትንሽ ከፍ ካለ እማዬ ብቅ ትልና «ዝም አይነቅዝም» ትላለች፤ እሱንም በሹክሹክታ።

ትርንጎ መዝፈን የተማረችው በዚህ ቤት ውስጥ ነው። እማዬ የአንኮበር ልጅ ናት፤ በልጅነቷ የሰማቻቸውን ዘፈኖች ዱቄት እየነፋች ለራሷ ታንጎራጉራለች። ትርንጎ ከሁሉም አንዷን መርጣ የራሷ አደረገቻት።

የአንኮበር ዳገት ጉም ለብሶ አየሁት፣
የሄደው የመጣ መስሎኝ ጠራሁት።

ዜማው ቀስ ብሎ እንደ ዳገቱ ይወጣና «ጠራሁት» ላይ ከጫፍ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ትርንጎ እዚያች ጫፍ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰበራል፤ እንደ ልብስ ስፌት ክር ቀጥኖ ይጠፋል። በሬሳ ወደሚባለው ወንዝ ልብስ ልናጥብ ስንወርድ ግን ሌላ ናት። «ጠራሁት» ስትል እውነትም የምትጠራው ሰው ያለ ይመስል ማዶ ያሉት ሴቶች ልብሳቸውን ይዘው ቀና ይላሉ።

ያን እሁድ ክርክሩ ስለ እትዬ ጠጅቱ ብቻ አልነበረም። የከተማው የባህል ቡድን አዳዲስ ድምፃውያን ሊፈትን ነበር። ትርንጎ አስረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ከዋለች ወራት አልፈዋል፤ ፋብሪካ እንድትገባ አባዬ ሰው ማነጋገር ጀምሯል። እሷ ደግሞ መፈተን እፈልጋለሁ ብላ ምሳ ላይ ነገረችው። አባዬ ዘፋኝነት ነውር ነው የሚል ሰው አልነበረም። እንዲያ ቢል ይሻል ነበር፤ እልህ ይይዛት ነበር። እሱ ያለው ሌላ ነው።

«ድምፅሽ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም» አላት። «ክር አንዴ ቀጥኖ አንዴ ከወፈረ ብርድ ልብሱ ገበያ አይወጣም። እንጀራ የሚበላው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት በሆነ ነገር ነው።»

«በሬሳ ወንዝ ላይ እኮ አልሰማሃትም» አልኩት።

«ወንዝ ላይ ማን የማያምር አለ? ውሃው ያግዛል። እንደ ጠጅቱ ሠርግ በይው።»

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በመሃላችን ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥም ነበር። «የትርንጎ አባት፣ ልጅቱን ፈትናት እንጂ እንዲሁ አትፍረድባት» አለች። «እኔን እንኳ በልጅነቴ የከለከለኝ ባይኖር የት በደረስኩ።»

«ያንቺንስ ከልካይ እግዜር ይስጠው» አለ አባዬ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም ጭምር።

ነገር ግን «ፈትናት» ያለችውን ያዘ። እስከሚቀጥለው እሁድ በየጠዋቱ፣ ከፈረቃ ሲገባ፣ ቁርሱን እየበላ ያቺኑ የአንኮበሯን ዘፈን ትዘፍንለታለች። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነች ትሄዳለች። ከተለዋወጠች ግን ነገሩ በዚያው ያበቃል። ትርንጎ «እሺ» አለች። ስትናደድ አገጯ ጠንከር ይላል፤ ያን ሳምንት ሙሉ አገጯ እንደዚያ ሆኖ ሰነበተ።

በየጠዋቱ ዘፈነች። በየጠዋቱም «ጠራሁት» ላይ ወደቀች። አባዬ ሻዩን ይጨርሳል፤ እሷም ሳህኑን ታነሣለች። እኔ ለትምህርት ቤት እየለበስኩ በልቤ ወደ ላይ እገፋት ነበር፤ ግን አልወጣችም።

እሁድ መጣ። ምሳ ተበላ፣ እትዬ ብርቄም ቦታዋን ያዘች፤ ፕሮግራሙ ሳይጀምር አባዬ ፍርዱን ሰጠ። «ሰምቼሻለሁ ልጄ። አልሆነም።»

«ምን ብለህ ነበር?» አለች ትርንጎ።

«ምን አልኩ?»

«አንድ ዓይነት ከሆነ ትሄጃለሽ ነው ያልከው። አንድ ዓይነት አልነበረም? አንድ ቀን እንኳ ሌላ ቦታ ወድቄያለሁ?»

«ሰው በስህተቱ ይፎክራል እንዴ?»

«አልፎከርኩም። ያልከውን ነው ያስታወስኩህ።»

እትዬ ብርቄ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችው። በዚህ መሃል ፕሮግራሙ ጀመረ፤ ክርክሩም በይደር ቆየ። እትዬ ጠጅቱ ሳፋዋን ይዛ ወጣች፣ ዘፈኗን ጀመረች። እኔ እንደ ልማዴ አፏን አየሁ። ያን ቀን ግን አንገቷን፣ ደረቷንም አየሁ። ወደ ገደሉ ከመድረሷ በፊት አየር ሳበች፤ መውጣት እንደሚችል ሰው ሳበች፤ ከዚያ ወደቀች። የወደቀችውም ባለፈው በወደቀችበት ቃል፣ ባለፈው በወደቀችው ልክ ነበር።

«እሷም አንድ ቦታ ላይ ነው የምትወድቀው» አልኩ። «ሁልጊዜ። መዝፈን የማይችል ሰው እንዲህ አይችልም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ አባዬ።

«እትዬ ብርቄ፣ እስቲ አንቺ ዝፈኚያት።»

ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር መሰለኝ፣ ተስተካክላ ተቀመጠች። የእትዬ ጠጅቱን ዘፈን ጀመረችና ገና ከመነሻው ተንከባለለች። «ድገሚው» አልኳት። ሁለተኛውን መሃል ላይ ወደቀች። ሦስተኛውን፣ በምን ተአምር እንደሆነ እንጃ፣ ጫፉን አልፋ መውረጃው ላይ ወደቀች። እማዬ ሳቋ አምልጧት ዓይኗን ትጠርግ ነበር። እትዬ ብርቄ ግን በኩራት «እኔ ደጋግሜ አልዘፍንም፤ ሁልጊዜ አዲስ ነኝ» አለች።

አባዬ አልሳቀም። ቴሌቪዥኑን ትቶ መሬት መሬቱን ያያል። ይህን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ የተበላሸ ነገር ሲጠግን የሚያመጣው ፊት ነው። ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ ስለ ፋብሪካው ተናገረ። ክር የሚቀጥንበት ቦታ እንደ መጣ ከሆነ ጥፋቱ የሱፉ ነው፤ ሱፉ ይጣላል። እየተመላለሰ በአንድ ቦታ ላይ ከቀጠነ ግን ሱፉን ማንም አይነካም፤ ማሽኑ ነው የሚፈታው። ይሄን ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ ቀና ብሎ «እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ ታዲያ?» አለ። «‹ጠራሁት› የሚለው ላይ ምን አገኛት?»

የመለሰችለት እማዬ ናት፤ እሷም በሹክሹክታ አልነበረም።

«እዚያ ቦታ ላይ አንተ ተኝተሃል።»

በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎቹ እርስ በርስ ይሟገታሉ፤ የሚሉትን የሰማ ግን አልነበረም። አባዬ ቆሎውን ዘገነ፣ ሳይበላ ያዘው። «ፈተናው መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ማክሰኞ ጠዋት» አለች ትርንጎ።

ዛሬ ያ ኮሜዲ ስልኬ ውስጥ አለ። ሰዎች ቆራርጠው ይለጥፉታል፤ እትዬ ጠጅቱ ሳፋዋ ላይ፣ እትዬ ጠጅቱ ሠርጉ ላይ። ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች እንደኛ ይከራከራሉ፤ «ደራሲው ረስቶት ነው» የሚል አይጠፋም። መልስ መጻፍ እጀምርና እተወዋለሁ፤ ያን ክርክር ያለ ቆሎ፣ ያለ እትዬ ብርቄ፣ ነፋስ ከሚያንቀጠቅጠው አንቴና ርቄ መግጠም አልችልበትም። የሠርጉ ድምፅ የማን እንደነበረ አሁንም አላወቅኩም። የሳፋው ድምፅ ግን ዜማውን አብጠርጥራ የምታውቅ ሴት ድምፅ እንደሆነ እምላለሁ። ትርንጎን በዚያ ዓመት አልተቀበሏትም። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ሄደች፣ ተቀበሏት። አሁን ከመዘዞ እስከ ደብረ ሲና ሠርግ ያለበት ሁሉ ይጠራታል፤ ግጥም መጻፍን ማንም ሳያስተምረኝ የጀመርኩት ለእሷ የሚዘፈን ስንኝ ስፈልግ ነው። እስካሁንም የማይወጣ ስንኝ ሲገጥመኝ አልጥለውም፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየሰነከለኝ እንደሆነ አያለሁ። አባዬ ጡረታ ወጥቷል፤ የማሽኖቹ ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው ሬድዮውን ከፍ አድርጎ ይሰማል። ቤቱ ውስጥ እንደ ልብ መጮህ ይቻላል፤ ከሬድዮው በቀር ግን የሚጮህ የለም። ያንን የታፈነ ቤት እናፍቃለሁ ብል ትርንጎ ትስቅብኛለች።

በማክሰኞዋ ጠዋት ግን ማንም አይስቅብኝም። አባዬ ገባ፣ ቁርሱን በላ፣ አልተኛም። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትርንጎ ፀጉሯን አስይዛ፣ የእማዬን ሹራብ ደርባ መጣች።

«አንዴ ዝፈኚያት» አላት። «እንደ ወንዙ አድርገሽ። እንቅልፍ የለብኝም።»

እሷም ቆመች፣ አየር ሳበች። ከዚያ ተወችው።

«አይ አባዬ። እዚህ ከጀመርኳት እንደለመደችው ትወድቃለች።»

«እኔ ልውጣ ታዲያ?»

«አንተ ቤትህ ነው፣ ተቀመጥ። የምሄደው እኔ ነኝ።»

አባዬ አንገቱን ነቀነቀ። ሊመርቃት አፉን ከፈተ፣ ግን ያለው ሌላ ነበር። «እዚያ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቆጥቢ። የሚተኛ የለም።»

«እሺ» አለች። ነጠላዋን ከምስማሩ አነሣች፣ እኔን በአንድ ጣቷ ግንባሬን ነካ አድርጋኝ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።