ሳይጠየቅ የተነገረ ሽጉጥ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ማይን ወንዝ ዳር ዚንድሊንገን (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ)

ጋሽ መኩሪያ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ገና አልነጋም። ጥቁር ካፖርት፣ የተወለወለ ጫማ፣ በእጃቸው የጨርቅ ቦርሳ። ከቤቶቹ ጀርባ የኬሚካል ፋብሪካው ነጭ እንፋሎት ይታያል፤ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩበት ነው። ቦርሳው ውስጥ ዳቦ፣ አይብና አራት ፖም አለ። ቢላዋ የለም። ዋናው ባቡር ጣቢያ ቢላዋ መያዝ ስለተከለከለ ፖሙን እንደምንገምጠው አስቀድመው ነገሩኝ።

የምንሄደው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። የእህታቸው ልጅ ሀብታሙ፣ ፊላደልፊያ የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር፣ ዛሬ ጠዋት በሁለት አጃቢዎች መካከል ሆኖ ከአሜሪካ ይገባል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል። እየተባረረ ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ እዚያው ቀርተዋል።

«ይቅርታ ልጠይቀው ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «ይሄ ደግሞ በስልክ አይባልም።»

12 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ኤስ-ባን (የከተማ ባቡር) ውስጥ

ሆኽስት ጣቢያ ላይ የሌሊት ሺሽት፣ ፈረቃቸውን፣ የጨረሱ ሠራተኞች ይገባሉ። ዐይናቸው ቀልቷል።

የሀብታሙን ጉዳይ ከጀመረ አንስቶ ስለተከታተልኩት እውነታውን እዚህ ላስቀምጥ። ሀብታሙ መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ ሽጉጥ ገዛ። የሚኖርበት የፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት መታጠቂያ ፈቃድ ሰጠው። አንድ ከሰዓት በኋላ የቤት ዕቃ ጭኖ የዴላዌር ወንዝን ተሻገረና ኒው ጀርሲ ገባ። የፍሬን መብራቱ ስለማይሠራ ፖሊስ አስቆመው። የመንጃ ፈቃድ ተጠየቀ፤ ሰጠ። ከዚያ ሳይጠየቅ፣ ሽጉጥ እንዳለውና ፈቃዱም ይኸው እንደሆነ ተናገረ።

የመንጃ ፈቃዱ በሃምሳውም ክፍለ ግዛቶች ይሠራል። የሽጉጡ ፈቃድ ግን ከወንዙ ማዶ ተራ ወረቀት ነው። ቴክሳስ ቢሆን፣ ሕግ የከለከለው ካልሆነ በቀር፣ አዋቂ ሰው ጭራሽ ፈቃድ ሳያወጣ ታጥቆ መንገድ ላይ ይሄዳል። ኒው ጀርሲ የሌላውን ፈቃድ አይቀበልም፤ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት እስራት ነው። ጠበቃው ተደራድሮ አሳነሰለት። ታስሮ ጨረሰ። ዜግነት አልነበረውምና የጦር መሣሪያ ጥፋተኝነት መኖሪያ ፈቃዱን ይዞበት ሄደ። ወንዙን ለመሻገር የፈጀበት ጥቂት ደቂቃ ነበር።

12 ሰዓት ከሃያ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ

ጋሽ መኩሪያ መግቢያው አጠገብ ሰሌዳ ሥር ቆሙ። ሽጉጥና ቢላዋ ተሥሏል፤ በላዩ ቀይ መስመር።

«ሀብታሙ የተሻገረው ድልድይ ላይ እንዲህ ያለ ሽልድ ነበር?»

ባለፈው በጋ ለዚሁ ጉዳይ ሄጄ ድልድዩን ተሻግሬዋለሁ። እንኳን ደህና መጡ የሚል ነው ያየሁት፤ ስለ ሽጉጥ የሚናገር አላየሁም። እንዲሁ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባቡር መሳፈሪያው ሄዱ።

ሁለተኛው ባቡር ውስጥ ስለ ፋብሪካው አወሩልኝ። እዚያ ቧንቧ ቢያፈስ፣ የተሳሳተ ቫልቭ ቢከፍቱ፣ ሳይጠየቁ ቀድመው ለተቆጣጣሪ የተናገሩ አይቀጡም። የሚቀጣው የደበቀ ነው። አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍባቸው ጡረታ የወጡት በዚህ ነው። ሀብታሙ አሜሪካ በገባ ሰሞን በስልክ ያስተማሩት ይህንኑ ነበር፦ ፖሊስ ካስቆመህ ሳትጠየቅ ቀድመህ ንገር። ይህን ሲሉ መስኮት መስኮቱን ያዩ ነበር።

1 ሰዓት ከሩብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ

ጋሽ መኩሪያ ሁለት ጊዜ ለፖሊስ ጽፈው ሀብታሙን የሚያዩበት ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ጠይቀዋል። ሁለቱም መልስ አንድ ነው፦ የሚያልፍ መንገደኛ ጠያቂ አይገባለትም። ስለዚህ የእኔን ምክር ተቀበሉ። ቲኬት ያለው ሰው ወደ ውስጥ ያልፋል፤ ወደ ቤልግሬድ ርካሽ ቲኬት ገዙ። ሕጉን አይቻለሁ፤ ቲኬት ገዝቶ መቅረት ወንጀል አይደለም።

«ፓስፖርት የሚያየው ፖሊስ ቢጠይቅዎ ቤልግሬድ ይበሉ» አልኳቸው። «ቲኬቱ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«አንድ ቃል ነው» አሉ። ቦርሳውን ለእኔ ትተው ገቡ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። ፓስፖርታቸውን እንደያዙ አጠገቤ ተቀመጡ። ፖሊሱ ጨዋ ልጅ ነበር አሉ። ወዴት እንደሚበሩ ጠየቃቸው። እንደማይበሩ፣ የእህታቸውን ልጅ ሊያዩ እንደሆነ ነገሩት። ፖሊሱም አመስግኖ መለሳቸው።

«ቤልግሬድ ማለት አቃተዎት?»

«አልበርማ» አሉ።

2 ሰዓት ተኩል፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ

ስልካቸው ጮኸ። አንዱ አጃቢ ለሀብታሙ ስልክ አውሶታል። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ጋሼ፣ በሩ ጋ ነን። የት ደረሱ?»

«ውጭ ነኝ ልጄ። ፖሊሱ መለሰኝ። ወዴት ነው የምትበረው ሲለኝ፣ አልበርም አልኩት።»

ከወዲያ የበረራ ማስታወቂያ ይሰማል። ሀብታሙ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አልቻልኩም።

«እርስዎስ ደህና፣ ተጠይቀው ነው» አለ። «እኔን እኮ አልጠየቀኝም ነበር።»

ጋሽ መኩሪያ አፋቸውን ከፈቱ። በእንግሊዝኛ የሚናገር ሌላ ድምፅ ገባ፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው ደወሉ፤ አይነሳም። ስልኩን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱና ፖም ሰጡኝ። ገመጥኩ። እሳቸው አልበሉም።

4 ሰዓት፣ ወደ ዚንድሊንገን

ባቡሩ ባዶ ነው። ሰማዩ ግራጫ፣ ማይን ወንዝም ግራጫ። የሀብታሙ አውሮፕላን በዚህ ሰዓት ተነሥቷል።

ጋሽ መኩሪያ ከሆኽስት በኋላ የቤልግሬዱን ቲኬት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። ስማቸው ተጠርቶ ሊሆን ይችላል፤ መንገደኞችም ጠብቀው ይሆናል። «ለአየር መንገዱ መጻፍ አለብኝ» አሉ፤ «ለምን እንደቀረሁ፣ የገዛሁትም ለመብረር እንዳልነበረ።» ማንም እንዳልጠየቃቸው ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ ግን ቲኬቱን ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ፈለጉ።

«እስክሪብቶ ይዘሃል?»

ጋዜጠኛ ነኝ፤ የደረት ኪሴ ውስጥ ሁለት ነበሩ።

«አልያዝኩም» አልኳቸው።