የእትዬ የሻረግ ወይራ

እትዬ የሻረግን የማያውቅ የቦንጋ ሰው ካለ ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ኮረሪማ ሲሸጡ “ካልገዛህ አታሽትት፣ አፍንጫህ አልከፈለም!” የሚሉት ሴትዮ ናቸው። እኔ ድምፃቸውን ሳስመስል ልጆቻቸው ራሱ “አቤት” ይላሉ። በዘጠና ስምንት መሬት ለደብተር ተለክቶ ካበቃ በኋላ ግን ያ ድምፅ ጠፋ።

ወደ ማንኪራ መውጫ ላይ ከጋሽ ከፈለኝ ጋር የሚዋሰን የቡና ማሳ አላቸው። ወሰኑ ላይ ሟች ባላቸው የተከሉት ወይራ ነበር። ባልየው ታመው ሲተኙ ጋሽ ከፈለኝ “ለአጥር ይሆነኛል” ብለው ወይራውን አልፈው፣ በእትዬ በኩል ባሕር ዛፍ ተከሉ። ቤት ውስጥ ሰው ታሞ ማን ወሰን ይጠብቃል?

ለኪዎቹ ሲመጡ ባሕር ዛፉ ሰማይ ነክቷል፣ ወይራው ከቤት ጣሪያ አይበልጥም። ጋሽ ከፈለኝ “ወሰኑ የኔ ባሕር ዛፍ ነው፤ ወይራውን በኋላ ወፍ ነው የዘራው” አሉ። ማለትም በሁለቱ ዛፎች መሃል ያለው ቡና ሁሉ የሳቸው ሊሆን ነው።

የመሬት ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ወልደ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እህ... እህም! ከዚህ አንጻር፣ በመርህ ደረጃ፣ ቀድሞ የተተከለው ረጅሙ ነው።”

“ልጅዎ በቁመት ይበልጥዎት የለ?” አሉ እትዬ። “ታዲያ እሱ ነው የወለደዎት?”

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም።

የግብርናው ባለሙያ ሳሙኤል ገባበት። “ባሕር ዛፍ ውሃውን እየጠጣ ያገኘውን ለቁመት ያውለዋል። ወይራ እንጨቱን እያጠነከረ ስለሚሄድ ነው ቀስ የሚለው።”

“ማስረጃ?” አሉ ሊቀመንበሩ።

“ግንዱ ተቆርጦ የዓመት ቀለበቱ ቢቆጠር...” አለና ምላሱን ነከሰ።

“ይቆረጥ!” አሉ ጋሽ ከፈለኝ። “የኔም ይቆረጥ! እሱ እንደሁ ያቆጠቁጣል።”

እትዬ ወይራውን ተደገፉ። እምቢ ቢሉ ቡናውም ዛፉም ሄደ። “የሱ በሁለት ክረምት ይመለሳል። የኔ ሲመለስ እኔ የት እገኛለሁ?” አሉ። ከዚያ ከግንዱ ፈቀቅ አሉ።

“ቁረጡት።”

ባሕር ዛፉ ቶሎ ወደቀ። ወይራው ላይ መጥረቢያው ይነጥር ነበር፤ ሁለት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ደከሙ። ሲወድቅ ሳሙኤል ተንበርክኮ ቀለበቶቹን አሳየ። የባሕር ዛፉ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው፤ የወይራው እንደ ፀጉር ቀጥነው ተጣብቀዋል፣ ብዛታቸው አያልቅም። ማሳው በእትዬ ስም ተጻፈ።

በቀጣዩ በጋ ግን ሁለቱ ዛፎች ስለወደቁ ጥላ ያጣው ቡና ቅጠሉ ይቃጠል ጀመር። ሳሙኤል “ብሳና ይትከሉ፣ እሱም ፈጣን ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ጥላ ይሆናል” አላቸው።

“ቡናው ይጠብቀኛል?”

የባሕር ዛፉ ጉቶ ግን አቆጥቁጦ ከቡናው በላይ ሄዷል። እትዬ ሊመነጥሩት ገጀራ ይዘው ወጡ። ጋሽ ከፈለኝ በአጥር ብቅ አሉ። “የሻረግ! ቡናሽ በኔ ጥላ ነው የሚውለው አሉ?”

እትዬ ወደ ጉቶው ተጠጉ። ገጀራውን አነሱ፤ ከቁጥቋጦው ሥር ያለውን ቡና አዩት። በዚያ በኩል ካለው ቡና ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

“ይሄ በጋ ይለፍ” አሉ በቀስታ፤ ገጀራውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ቤት ገቡ።