ለሁለት ሰው የተነገረ

ባለፈው እሑድ በደባርቅ የእድራችን ስብሰባ ላይ ወጣቱ ጸሐፊ ስልኩን ከጠረጴዛው መካከል አስቀመጠና ቃለ ጉባኤ መያዙን ተወ። የሚባለውን ሁሉ ስልኩ እየሰማ ራሱ ይጽፍለታል። እጄን አውጥቼ፣ ንግግራችን እየተቀዳ መሆኑ ለሁሉም ይነገር ስል አሳሰብኩ። ከኋላ አንዲት ሴት «ጋሼ እኮ ስልክ ይፈራሉ» አለች፤ ሰዉ ሳቀ።

ስልክ አልፈራም። እንዲያውም በዘመዶቼ ዘንድ የይለፍ ቃሉን የረሳ፣ ፎቶ የጠፋበት፣ ስልኩ የተንቀራፈፈበት ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አቋሜም የታወቀ ነው። መብራት ከማብራት ሌላ ሥራ የሌለው መተግበሪያ የወዳጆቼን ስልክ ቁጥር ልይ ካለ ያለ ርኅራኄ አጠፋዋለሁ። የልጅን የልደት ቀን የይለፍ ቃል ማድረግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን አዲስ ብልሃት ግን እጅግ አደንቃለሁ፤ ዓይኔ ለደከመብኝ ለእኔ ትልቅ ጸጋ ነው። ማይክሮፎን ለመክፈት ፈቃድ የምትጠይቀውን ትንሽ መስኮት ሌላው ሰው ሳያነብ ሲያልፋት፣ እኔ ሁልጊዜ ቆሜ አነባታለሁ። ለምን እንደሆነ ለእድርተኛው አልተናገርኩም።

ከመጀመሬ በፊት የማስረጃዬን ልክ ላስታውቅ። ሦስት ምንጮች አሉኝ። አንደኛው የገዛ ትውስታዬ ነው፤ እሱ ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር እኔን ደግ እያደረገ የመጣ ምስክር ነው። ሁለተኛው የዚያ ክረምት ማስታወሻ ደብተሬ ነው፤ ስለ ዝናቡና ስለ ባትሪ ድንጋይ ብዙ ይላል፣ ስለ ዋናው ጉዳይ አንድም ቃል የለውም። ሦስተኛው ሟቹ ጓደኛዬ ፈንታ ከዓመታት በኋላ ያጫወተኝ ነው፤ እሱም በአንዳንድ ነገር ከእኔ ይለያል። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ዳባት፣ ከእናቴ ዘንድ ነበርኩ። ከአንድ መምህሬ የተዋስኩት የካሴት መቅረጫ ነበረኝ። በቆዳ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ አንግቼው እዞር ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የጎረቤት ውሻ፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ፣ ያልቀዳሁት አልነበረም። ዕቃው እጄ ላይ ስላለ ብቻ ከአገሩ ሰው ሁሉ የተሻልኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዳባት የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር የአንድ ባልና ሚስት ሽምግልና ተያዘ። ባል ሚስቱን በሰው ፊት አዋርዷት፣ እሷም ወደ አባቷ ቤት ሄዳ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ የድጓ መምህሩ መሪጌታ ላቀው፣ የባልየው አጎት አያ ብጤ እና አያ ዘገየ። አያ ዘገየ የማንም ወገን ያልሆኑ፣ ረጅምና ዝግተኛ፣ ቃል ሲናገሩ የመጨረሻውን ፊደል እየጎተቱ የሚያወጡ ገበሬ ነበሩ። እሳቸው ያልተቀመጡበት ዕርቅ አይጸናም ይባል ነበር። የስምምነቱ ቃል በኋላ እንዳይካድ በካሴት ይያዝ ብዬ ሐሳቡን ያቀረብኩ እኔ ነኝ። መሪጌታ በማሽኑ ተገርመው ፈቀዱ።

ጭቃው ጫማ ያወልቅ ነበር፤ የገብሱ ማሳ ገና አረንጓዴ፣ ጉሙም ከስሜን በኩል እየወረደ መንገዱን ይውጠው ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ወይራ ሥር ተነሥተው ከአንድ ቄስ ቤት ገቡ። ባልየው ቃሉን ሰጠ፣ የሚስትየዋ አባትም ተናገሩ፤ ሁሉንም ቀዳሁ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሊመክሩ ፈለጉና ሁላችንም እንድንወጣ ተነገረን። ወጣሁ። መቅረጫው መደቡ ላይ ቀረ፤ እየሠራ።

ይህን ታሪክ ለጥቂት ሰዎች ነግሬያለሁ፤ ሁልጊዜም «ማጥፋቱን ረስቼ» እያልኩ ነው። እውነት አይደለም። ከመውጣቴ በፊት ካሴቱን ገልብጬ በሌላው ገጽ አስጀምሬዋለሁ። የረሳ ሰው ካሴት አይገለብጥም።

በማግስቱ ቤቴ ገብቼ አዳመጥኩት። መሪጌታ ባልየው ድንጋይ ይሸከም ብለው ነበር። በእኛ አገር በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ካወረደለት ታረቁ ማለት ነው። ግን ይህ ለደም፣ ለትልቅ በደል ነው፤ ለሚስት ማን ይሸከማል? አያ ብጤ እንቢ አሉ። የወንድሜ ልጅ በሴት ደጅ ጎንበስ ብሎ ከሚታይ ፍቺው ይሻለዋል አሉ። የዝናቡ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ አያ ዘገየ ያንን የተጎተተ ድምፃቸውን አሰሙ።

«እኔ ተሸክሜያለሁ። ለባለቤቴ። በአባቷ ደጅ ስቆም ራሷ ወጥታ አወረደችልኝ፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ኖርን። ልጆቼም አያውቁት። ከዚች ቤት አታውጡብኝ።»

አያ ብጤ ተረቱ። በሳምንቱ ባልየው ድንጋዩን ተሸከመ፣ ሚስቱም አወረደችለት። ዕርቁን ያመጣው ያ ቃል ነው።

እኔ ደግሞ ካሴቱን ይዤ ዳባት ከፈንታ ሻይ ቤት ሄድኩ። ስድስት ወይም ሰባት ሰው ነበር። ላሳይ የፈለግሁት የማሽኑን ችሎታ ነው፤ የመሪጌታ መቁጠሪያ ስትንኳኳ እንኳ ትሰማለች። ስም አልጠራሁም፤ ይህም ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አያ ዘገየ አፋቸውን በከፈቱ በሁለተኛው ቃል አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሳቀ። ፈንታ ዝጋው ማለቱን እሱ ነግሮኛል። እኔ አላስታውስም። እስከ መጨረሻው አሰማሁት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አያ ዘገየ በግ ይዘው መጥተው ነበር። ጎረምሶች ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው ከፊታቸው አኖሩ። «አያ ዘገየ፣ ይቺ የአንቱ አይደለችም? እሜቴ ሳያወርዱልዎ መጡ እንዴ?» አለ አንዱ። እኔ ከጨው ነጋዴዎቹ ዘንድ ቆሜ አየሁ። አያ ዘገየ ድንጋዩን ተመለከቱ፣ በጉን ፈትተው ሳይሸጡ ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን በደጃችን ቁጭ ብዬ ቅቅል ድንች በአዋዜ ስበላ መጡ። እናቴ ግቡ ብትል እንቢ አሉ። ዕቃውን አምጥቼ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ጆሯቸውን አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አያ።»

«አርጅቻለሁ በለኛ።»

አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አልኩና ጣቴን ወደ መቅረጫው ዘረጋሁ።

«ከካሴቱ ነው ወይስ ከገበያው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «እኔ የምናገረው የሰው ፊት አይቼ ነው፣ ልጄ። የመሪጌታን ፊት አየሁ፣ የብጤን ፊት አየሁ፣ ለሁለት ሰው ተናገርኩ። ያንተን ፊት አላየሁም።»

ከዚያም ቆሙ። ለስንብት ከሚያስፈልገው በላይ ቆሙ። አጥራችን የድንጋይ ካብ ነበር፤ ከጎኔ ነው፣ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ምን መደረግ እንዳለበት እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቅ ነበር። እኔ ግን ማጥፋቱን ረስቼው ነው እያልኩ፣ ማይክሮፎኑ ትንሿን ድምፅ እንኳ እንደሚይዝ አስረዳኋቸው። ተናግሬ እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝ። «እግዜር ያሳድግህ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለሽምግልና በተጠሩ ቁጥር አመመኝ ይሉ እንደነበር ከእናቴ ሰምቻለሁ። በመስከረም አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ ኮሶዬ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ተሳፋሪው ሁሉ ገደሉን ለማየት ተንጠራራ፣ እኔ ጫማዬን አይ ነበር።

በሕይወቴ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ስለ መረጃ ምስጢር በሁለት ቋንቋ የተጻፈ አንብቤያለሁ። ከእኚያ ገበሬ ንግግር የጠራ ትርጓሜ አላገኘሁም፤ ሰው ቃሉን የሚመጥነው ፊት ለፊቱ ላለው ነው። ይህን እያወቅሁ፣ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ሄጄ ደጃቸው አልቆምኩም። ሥራ፣ መንገድ፣ ዘመኑ፤ ምክንያት አላጣሁም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከደባርቅ ሚስት ሳጭ የልጅቷ ቤተሰብ እንደ ወጉ ጠባዬን ዳባት ልከው አጠያይቀው ነበር። አማቴ ከመሞታቸው በፊት እንደነገሩኝ ከተጠየቁት አንዱ አያ ዘገየ ናቸው፤ «በእኔና በእሱ መካከል ያለው እዚያው ይቅር፣ ልጃችሁን ስጡት» ብለው መለሱ። ባለቤቴ ግን የተጠየቁት ሌላ የደረስጌ ሰው ነበሩ፣ እናቷም በስተርጅና ሰው ይምታታባት ነበር ትላለች። የሚያውቅ ሰው አልቀረም። እውነት እንዲሆን አብዝቼ ስለምመኘው፣ እውነት ነው ብዬ አልጽፈውም።