ቢጫ የሆነው ብልቃጥ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ከተማ አንድ አዲስ ሆቴል ገብቼ፣ ዓሣዎችና የውሃ ሣር ባሉበት ገንዳ ውስጥ አረንጓዴ ውሃ የያዘች ትንሽ የብርጭቆ ኳስ አየሁ። አስተናጋጇ «ጌጥ ናት» አለችኝ። ጌጥስ አይደለችም፤ መለኪያ ናት።

ታላቅ ወንድሜ ሀብታሙ ተማሪ ሳለ ከከተማችን ወንዝ ከላህ ትንንሽ ዓሣዎችና ሣር አምጥቶ፣ ከአሮጌ የመስኮት መስታወት በሠራው ገንዳ ያኖር ነበር። ሣሩ እንዲፋፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገዋል ብሎ፣ ጠጅ ጣይ በነበረችው በእናታችን ጋን ላይ የግሉኮስ ቱቦ ሰክቶ፣ የሚፈላውን ብርዝ ትንፋሽ ወደ ገንዳው ሳበው፤ እማዬም «ዘንድሮስ ዓሣውም ጠጪ ሆነ» እያለች ደንበኞቿን ታስቅ ነበር። የጋዙ መለኪያ ደግሞ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ነው፤ የኬሚስትሪ መምህሩ የሰጡትን ቀለም በውሃ በጥብጦ ሞላበትና፣ ገንዳው ውስጥ በተደፋ ብርጭቆ ሥር፣ ውሃ በማይደርስበት አየር ላይ አንጠለጠለው። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ዓሣዎቹ ይታፈናሉ። እኛ ግን ይህን አናውቅም ነበር።

ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አናጢው አጎታችን ዘንድ ማሳያ ጠረጴዛ ሊያሠራ ወደ ቡሬ ሄደ። ሲወጣ «እማ፣ ቀለሙን እይልኝ» አለ እንጂ ሌላ ነገር አልጨመረም።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የጠጅን መድረስ የምታውቀው በቢጫነቱ ነው። ብልቃጡ ቢጫ ሲሆን «እሰይ፣ ደረሰለት» አለችና፣ ይበልጥ እንዲፈላ ብላ ጋኑን በራሷ ጋቢ ጠቀለለችው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ሀብታሙ ጠረጴዛውን አሸክሞ ሲገባ ዓሣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ጠጪው ሁሉ እየሰማ «አንቺ ከጠጅ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላወቅሁም፣ የኔ ልጅ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠጇ በደረሰ ቁጥር ጋኑን ከፍታ ታይና ትዘጋዋለች። ቀጥላ እኔን ጠርታ፣ ጠጅ ቀምሼ የማላውቀውን ልጅ፣ «እስኪ እይልኝ፣ ደርሷል?» ትላለች። ከተማው ሁሉ በእጇ የሚምልላት ሴት በዓይኗ ማመን አቃታት። አንዴ ጥሬውን፣ አንዴ የኮመጠጠውን ስትቀዳ ደንበኞቿ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ፣ ጋኖቹም ተደፍተው ቀሩ።

ሀብታሙ በቀብሯ ቀን ከሩቅ ከተማ መጥቶ «እንደ እሷ ጠጅ የሚያውቅ ማን ነበረ!» እያለ አለቀሰ፤ ለቀስተኛውም አብሮት አለቀሰ። እኔ ፊቴን አዞርኩበት። እስካሁንም ወደ እሱ አልመለስኩትም።